ሽሮው ተከልክሎ ክኒኑ ቀጠለ

ሰላም የአምዱ አዘጋጅ፣

ምርር ብሎኝ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ሪህ አለብህ ከተባለ ወዲህ ቤታችን ሽሮና ምስር አይሠራም። «ሪህ የሚቀሰቅሰውን ዩሪክ አሲድ ያመጣል» ብለውታል ጓደኞቹ። ጾም ሲገባ ምን ላብላው? እህቶቹ ደግሞ «አንቺ ነሽ በባቄላ ያሳመምሽው» ይሉኛል። ውጭ የሚበላውን ዱለት ማንም አያነሳም። በርጫ ላይ ስለሚደረድረው ለስላሳም ዝም ነው። ጣቱ ሲነሳበት ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይገዛል፤ አሁን አሁን ከግፊት መድኃኒቱ ጋር በየቀኑ ይውጠዋል። ለነገሩ ያስታግስለታል። እኔን ያንገፈገፈኝ የሽሮው ጭቅጭቅ ነው። ሰሞኑን ማታ ማታ እግሩ ያብጣል። አባቱ በኩላሊት ነው የሞቱት። እሱም ወደዚያ እየሄደ ይሆን?

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣

ሽሮሽን ሥሪ፣ ጨው ብቻ ቀንሺ። ጥራጥሬ እንደ ዱለትና ቢራ ሪህ አይቀሰቅስም። ስኳር የበዛበት ለስላሳም ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። ይህን ለእህቶቹ አንብቢላቸው።

እኔን ያስደነገጠኝ «ለነገሩ ያስታግስለታል» ብለሽ ያለፍሽው ክኒን ነው። ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ከግፊት መድኃኒት ጋር፣ በድሬ ሙቀት፣ ውሃ ሳይጠጡ ሲወስዱት ደግሞ ይብሳል። ዩሪክ አሲድን በአብዛኛው የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። እሱ ሲደክም አሲዱ ይጠራቀማል፤ ጣቱ ይነሳበታል፤ ባልሽ ሌላ ክኒን ይገዛል። ያለ ማዘዣ በየጊዜው የሚሸጥለት ባለሙያም ሊያፍር ይገባል!

ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁም። የግፊቱን ግን በራሱ እንዳይተው። አንዳንድ የግፊት ክኒን ዩሪክ አሲድ ስለሚጨምር፣ ማሸጊያውን ይዞ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂድ። ያበጠ እግር ይዞ ሳምንት አይጠበቅም። ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ሽንትና ዩሪክ አሲድ ይመርመር። እስከዚያ ውሃ በግድ አታጠጪው፤ እብጠት ስላለ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

ብዙ ጊዜ ዩሪክ አሲዱን ከ6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ማውረድ ነው የሚፈለገው። ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ከታዘዘለት በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ሕመሙ ሲተወው የሚጣል አይደለም። ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ይመለስ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ሳይመረመር ማንም መልስ አይሰጥሽም። ነገር ግን ክኒኑ የጎዳው ኩላሊት በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያገግማል። አብረሽው ግቢ። ስለ አባቱ እሱ ዝም ካለ አንቺ ለሐኪሙ ንገሪ።