ጊዜያቸው ያለፈ ሦስት ፓስፖርቶች አሉኝ፤ ልጣላቸው?

ጤና ይስጥልኝ፣

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰጠኝን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ ስዊድን ገባሁ፤ በ2004 የስዊድን ዜግነት አገኘሁ። በ2005 በጋብቻ ወደ አሜሪካ መጣሁ፤ በ2014 እዚህም ዜግነት ወሰድኩ። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ፓስፖርቶች አሉ፤ ሦስቱም ጊዜያቸው አልፏል። የኢትዮጵያው በ2002፣ የስዊድኑ በ2013፣ የአሜሪካው በ2024።

ባለቤቴ «ያለፈ ፓስፖርት ምን ይሠራል? ቆራርጠሽ ጣዪው» ይላል። እህቴ ደግሞ የኢትዮጵያውን ኤምባሲ ካሳየሁ ይነጥቁኛል ብላ ትፈራለች። ሌላ የማውቃት ሴት ያለችኝ ይባስ አስጨነቀኝ፤ የኢትዮጵያውን አድሼ ያለ ቪዛ እንድገባ ትመክረኛለች። የስዊድኑን ሳላድስ ስለቆየሁ ዜግነቱ ራሱ ይቅር ወይም አይቅር አላውቅም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት አባታችን ስላረፉ ነው። አዲስ አበባ ያለውን ቤት ለማዛወር ወንድሞቼ ውክልና ላኪ ብለውኛል። በኢትዮጵያው ፓስፖርት ላይ ስሜ ከአባቴ ስም ጋር ነው፤ በአሜሪካው ግን የባለቤቴን የቤተሰብ ስም ይዣለሁ። የልደት ቀኔም በልደት ሰርተፊኬቴ ካለው ጋር አይገጥምም። ልጄ 20 ዓመቷ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ ተወለደች፤ የስዊድን ፓስፖርት አውጥተንላት አናውቅም፤ ስቶክሆልም አክስቷ ዘንድ ብዙ ክረምት አሳልፋለች። የትኛውን ላስቀምጥ? የትኛውን ልጣል?

እናት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎ። አንዱንም አይጣሉ፤ የልጅዎንም የልጅነት ፓስፖርቶች ጭምር። ይሁንና በደብዳቤዎ መጨረሻ በአንድ መስመር ያለፉት የልጅዎ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀድም ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ልጅዎ ስትወለድ እርስዎ የስዊድን ዜጋ ነበሩ። ስለዚህ እሷም ፓስፖርት ወጣላትም አልወጣላትም ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ስዊድናዊት ናት። ነገር ግን የስዊድን የዜግነት ሕግ ከስዊድን ውጭ ለተወለደ፣ እዚያ ኖሮ ለማያውቅና ከአገሩ ጋር ትስስር የሚያሳይ ቆይታ ለሌለው ሰው ገደብ አለው፤ 22 ዓመት ሲሞላው ዜግነቱ ይቋረጣል። ይህ እንዳይሆን ልጅዎ ራሷ ዜግነቷ እንዲጠበቅላት ማመልከት አለባት። ማመልከት የሚቻለው 18 ዓመት ከሞላ በኋላ ሲሆን፣ ማመልከቻው 22ኛ የልደት ቀኗ ሳይደርስ መግባት ይኖርበታል። የሚወስነው ሚግራሾንስቬርኬት የሚባለው የስዊድን የፍልሰት መሥሪያ ቤት ነው። «ብዙ ክረምት ሄዳለች፣ ስለዚህ አይቋረጥባትም» ብላችሁ አትቀመጡ። ቆይታው በቂ መሆን አለመሆኑን እናንተ አትወስኑም፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ መመለሻው ከባድ ነው።

የአሮጌ ፓስፖርት ዋጋ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጥ ፓስፖርት 5 ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ልጅዎ እስካሁን ሁለት ሦስት ሳይኖራት አይቀርም። በእነዚያ ውስጥ ያሉት የአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ማህተሞች በየትኛው ዓመት፣ ለስንት ሳምንት ስዊድን እንደቆየች ይመሰክራሉ። የአክስቷን ደብዳቤ ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ማህተም ግን የድንበር ፖሊስ የመታው ነው። ጊዜው ያለፈው የእርስዎ የስዊድን ፓስፖርትም እናቷ ስዊድናዊት እንደነበረች ያሳያል። ከልደት ሰርተፊኬቷ ጋር ሁለቱንም ያያይዙ። በስዊድን የሕዝብ መዝገብ ገብታ ስለማታውቅ ለመጀመሪያ ፓስፖርቷ ሳሞርድኒንግስኑመር የሚባል መለያ ቁጥር ያስፈልጋታል፤ አሠራሩን ዋሽንግተን ያለው የስዊድን ኤምባሲ ይነግራችኋል።

ወደ እርስዎ ስንመለስ፣ ፓስፖርትና ዜግነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓስፖርት ጊዜው ሲያልፍ ዜግነት አብሮት አያልፍም። ስዊድን ከጁላይ 1 ቀን 2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ስለምትፈቅድ በ2014 አሜሪካዊት መሆንዎ የስዊድኑን አላስቀረብዎትም፤ ከ2013 ወዲህ አለማደስዎም እንዲሁ። የኢትዮጵያው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፓስፖርቱ ባያልፍበት እንኳ ዜግነቱ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ማመልከቻ ባያስገቡም፣ ኤምባሲ ባይነግሩም ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ «አድሰሽ ግቢበት» የሚለውን ምክር አይስሙ። ለማደስ ሲያመለክቱ ኢትዮጵያዊት ነኝ ብለው በፊርማዎ ያረጋግጣሉ፤ ይህ ሐሰተኛ መግለጫ ነው። ችግሩ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ሲገቡ ሳይሆን ሲወጡ ነው። ቦሌ ላይ አየር መንገዱ ወደ አሜሪካ የሚያስገባ ሰነድ ይጠይቃል። በኢትዮጵያው ፓስፖርት ውስጥ ቪዛ የለም፣ ግሪን ካርድም የለዎትም፤ የአሜሪካውን ሲያወጡ ደግሞ በሌላ ፓስፖርት እንደገቡ ወዲያው ይታያል። ኢትዮጵያዊ ነኝ ብሎ የገባ ሰው ችግር ሲገጥመው የአሜሪካ ኤምባሲ ሊያደርግለት የሚችለውም እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ያ አሮጌ ፓስፖርት የሚጠቅምዎ ለሌላ ነገር ነው፤ ትውልድዎን ያስረዳል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው፣ የሚሰጠው ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ ነው። በካርዱ ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፣ በውጭ ዜጋ ላይ ያለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ገደብም አይመለከትዎትም፤ ለአባትዎ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን አይፈቅድም። ካርዱን ለማውጣት የጸና የውጭ ፓስፖርት፣ የዜግነት ሰርተፊኬትና የትውልድ ማስረጃ ይቀርባል። ለትውልድ ማስረጃነት ከአሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሻል የለም፤ ፎቶ፣ የትውልድ ቦታና የአባት ስም በአንድ ገጽ ይዟል፤ የሰጠውም መንግሥት ራሱ ነው። ልጅዎም አንድ ቀን ቢጫ ካርድ ብትፈልግ የምታቀርበው የእርስዎን ፓስፖርትና እናትነትዎን የሚያሳየውን የልደት ሰርተፊኬቷን ነው።

የእህትዎ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ የተተወ ዜግነት ፓስፖርት ሊሰረዝ ይችላል። መሰረዝ ግን ማስረጃነቱን አያጠፋም። ኦርጅናሉን ከማስረከብዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በቀለም ስካን ያድርጉ፤ ተሰርዞ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያስቀሩታል ከተባለ ደረሰኝ ይቀበሉ።

የስሙ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚደክምበት ነው። ወራሽነትዎ የሚረጋገጠው በአባትዎ ስም ነው፤ አሜሪካዊው ፓስፖርትዎ ላይ ግን የአባትዎ ስም የለም። አዲስ አበባ ያለው መዝጋቢ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ይመን? የሚያገናኛቸው ሰንሰለት ያስፈልጋል፦ የኢትዮጵያው ፓስፖርት፣ የስዊድኑ፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የአሜሪካ ዜግነት ሰርተፊኬት፣ አዲሱ ፓስፖርት። ከመካከል አንዱ ከጎደለ «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማረጋገጫ ፍለጋ ፍርድ ቤት ይኬዳል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ወራት ይሄዳል። በውክልናው ላይ አሁን ያለውን ስምዎን ከነአባትዎ ስም ያስጽፉ፦ «ቀድሞ እገሊት እገሌ ትባል የነበረች» ተብሎ። ዜግነትዎም «አሜሪካዊት፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊት» ተብሎ ይግባ። ከልማድ «ኢትዮጵያዊት» ብለው የሚያስጽፉ ብዙ ናቸው፤ ኋላ ሰነዱ ከፓስፖርቱ ጋር ሲጋጭ ውክልናው ውድቅ ይሆናል። የስም አጻጻፍም ይስተዋል፤ ጸሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ በ«አይ» ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል።

ልደትዎ ያልገጠመው ምናልባት በዘመን ቆጠራ ልዩነት ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ደግሞ 8 ዓመት ነው። የተለመደው ስህተት ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ቀኑን እንዳለ መተው ነው። ለምሳሌ ጥር 5 ቀን 1963 የሚውለው ጃንዋሪ 13 ቀን 1971 ላይ ነው፤ ጃንዋሪ 5 ተብሎ ከተጻፈ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያስታውቃል። የልደት ሰርተፊኬቱንና አሮጌውን ፓስፖርት ጎን ለጎን ካቀረቡ ማስረዳቱ አያስቸግርም። ፓስፖርቱ ከተጣለ ግን ስህተቱ የት እንደተጀመረ የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

የአሜሪካውን ፓስፖርት ከሁሉ በፊት ያሳድሱ፤ ቢጫ ካርዱም ጉዞውም የጸና ፓስፖርት ይፈልጋሉና። የአሜሪካ ሕግ ዜጎቹ ሲገቡም ሲወጡም በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲጓዙ ያዝዛል። የእርስዎ በ2014 የተሰጠ ስለሆነ ከተሰጠ 15 ዓመት እስኪሞላው፣ ማለትም እስከ 2029፣ በዲኤስ-82 ቅጽ በፖስታ ማሳደስ ይችላሉ፤ አሮጌው አብሮ ይላካል፣ ተበስቶ በሌላ ፖስታ ይመለሳል። በኢንተርኔት ካሳደሱ አሮጌው እጅዎ ላይ ይቀራል፣ ነገር ግን ማመልከቻው እንደገባ ይሰረዛልና አይጓዙበት። ባለቤትዎ እንዳሉት ቆርጠው ቢጥሉት ኖሮ እንደ አዲስ አመልካች በዲኤስ-11 በአካል ቀርበው፣ የዜግነት ሰርተፊኬትዎን ኦርጅናል አያይዘው፣ 35 ዶላር ጨምረው መጀመር ነበረብዎት። ሰርተፊኬቱም ቢጠፋ ምትኩን በኤን-565 ቅጽ ለማውጣት ከ500 ዶላር በላይ ይጠየቃል። በአንዳንዱ ሰርተፊኬት ላይ ኮፒ ማድረግን የሚከለክል ጽሑፍ ስላለ ሰው ይፈራል፤ ለሕጋዊ ጉዳይ ኮፒ ማድረግ ግን አያስቀጣም።

የስዊድኑን ለማውጣት ኤምባሲ በአካል መቅረብ ግድ ነው፤ አሻራና ፎቶ ይወሰዳል። ያለፈውን ይዘው ይሂዱ፤ ከሰረዙት እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። ልፋቱ አያስቆጭም። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ አውሮፓ የውጭ ዜጎችን መግቢያና መውጫ በኮምፒዩተር መመዝገብ ስለጀመረች በአሜሪካው ከገቡ እንደ ማንኛውም ጎብኚ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይቆጠርልዎታል። በስዊድኑ ከገቡ ይህ ገደብ የለብዎትም። ሁለቱን ይዘው ሲጓዙ ለአየር መንገዱ ወደ ስቶክሆልም የስዊድኑን፣ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ የአሜሪካውን ቁጥር ይስጡ። የስዊድን መዝገብ የአሜሪካ የስም ለውጥዎን በራሱ አያውቅም፤ ሁለቱ ፓስፖርቶች የተለያየ ስም ከያዙ የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ከእጅ ሻንጣዎ አይለይ።

ስለ አቀማመጡም ጥቂት ልበል። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ቦርሳ አይያዙ፤ ተሳስቶ ያለፈውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ ሰው ብዙ ነው። ገጽ አይቅደዱ፣ ቪዛ አይላጡ፣ ላሚኔት አያድርጉ፤ የተነካካ ሰነድ ተዓማኒነቱን ያጣል። እርጥበት ከማያገኘው ቦታ ያኑሩት፤ ምድር ቤት ጥሩ አይደለም። ስካኑ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው)፣ ማህተም ያለባቸውና የእድሳት ጽሑፍ ያለባቸው ገጾች ሳይቀሩ ይሁን። ለጉዳይ አስፈጻሚ ኮፒ ሲልኩ «ለውርስ ጉዳይ ብቻ» ብለው ከነቀኑ በላዩ ላይ በሰያፍ ይጻፉበት፤ ንጹሕ ኮፒ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ በስምዎ ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉት፦ በዚህ ሳምንት የልጅዎን ማመልከቻ ይጀምሩ፣ የአሜሪካውንም ፓስፖርት ለእድሳት ያስገቡ። አዲሱ ሲደርስ ቢጫ ካርዱን ያመልክቱ። ውክልናውን የሚፈርሙት ከዚያ በኋላ፣ በአዲሱ ፓስፖርት ቁጥር ነው፤ ባለፈው ቁጥር ከተጻፈ አዲስ አበባ ላይ ይመለሳል።