ስለ ሽንኩርት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሥራዬ ድግስ ማብሰል ነው። ሽንኩርት በጆንያ ነው የምገዛው። ዛሬ ከሰዓት እረፍት ነኝ፣ ጠይቁኝ።

ስገዛው ደህና ይመስላል፣ ቤት ሲደርስ ግማሹ የበሰበሰ ነው። ምን ልይ?

አንገቱን እዪ። ቅጠሉ የተቆረጠበትን ቦታ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። ለስለስ ካለ ከውስጥ ጀምሮታል። አንገቱ ቀጭንና ደረቅ፣ ልጣጩም ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውሰጂ። አንገተ ወፍራሙ በደንብ ሳይደርቅ የመጣ ነው። የጆንያውን አፍ ከፍተሽም አሽትቺ፤ አፍንጫ አይዋሽም።

ክረምት ላይ ለምን እንዲህ ይወደዳል?

አብዛኛው የሚመረተው በበጋ በመስኖ ነው፤ መቂን፣ ባቱን፣ ፎገራን አስቡ። ዝናብ ሲበረታ ማሳው ላይ በሽታ ይይዘዋል፣ ከተነቀለ በኋላም ማድረቂያ ፀሐይ የለም። ነሐሴ ላይ ጆንያ አታስገቡ። ሁለት ሦስት ኪሎ እየገዛችሁ ክረምቱን እለፉት።

ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው?

ያልተላጠውን አይሆንም፤ እርጥበት ይጠጣና ይለሰልሳል። ፌስታል ውስጥም አትተወው። ቅርጫት ላይ ዘርግተህ ነፋስ ያለበት ጥላ ቦታ አኑረው። ከድንች ጋር አታስቀምጠው። እኔ ድሮ ቦታ ጠቦኝ ሁለቱንም አልጋ ሥር አስገብቼ ነበር። ለፋሲካ ስጎትታቸው ድንቹም አቆጥቁጦ፣ ሽንኩርቱም በቅሎ ጓሮ መስለው ጠበቁኝ።

የበቀለውንስ ጣልሽው?

ኧረ በላነው! ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም፣ አረንጓዴውም ይበላል። ጥቁር ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ልጣጩ ላይ ብቻ ከሆነ አንድ ሽፋን ጨምራችሁ ልጣችሁ እጠቡት። ውስጥ ከገባ ይጣል።

የዶሮ ወጤ ላይ ሽንኩርቱ ለብቻው ይታያል። የእናቴ እንዲህ አልነበረም።

ዘይቱን መቼ ነው የምትጨምሪው? መጀመሪያ ከሆነ እሱ ነው። ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ጠርዙ ይጠበሳል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

ደቀቅ አድርገሽ ክተፊ። ድስቱን ባዶውን አግለሽ ሽንኩርቱን ብቻ ጨምሪ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲያልቅ ድስቱን መያዝ ይጀምራል፤ ያኔ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ፍል ውሃ ጠብ እያደረግሽ በማማሰያው ፋቂው። ደጋግመሽ። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ጠፍቶ ጣፋጭ ሽታ ሲመጣ፣ መልኩም ቡናማ ሲሆን ዘይቱ ይግባ። ከዚያ በርበሬ። እኔ ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ እከትፋለሁ፣ ቁሌቱ ብቻ ከሰዓት በላይ ይወስድብኛል። የምትቸኩይ ከሆነ አልጫ ሥሪ።

ሶዳ ብጨምርበት ቶሎ አይበስልም?

ይበስላል። ግን ይላቁጣል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል።

በብሌንደር ብፈጨውስ?

ጭማቂ ነው የሚሆንልሽ። ውሃው እስኪደርቅ ከክተፋ ያተረፍሽውን ሰዓት ትከፍይበታለሽ፤ መረር የሚልበትም ጊዜ አለ። በእጅ ክተፊ።

ቲማቲም የት ጋ ነው የሚገባው?

ሽንኩርቱ ሟሙቶ ሲያልቅ። የቲማቲም ኮምጣጣነት ሽንኩርቱ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ቀድሞ የገባበት ወጥ ላይ ሽንኩርቱ ሁለት ሰዓት ቢበስልም ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል።

አሜሪካ ነኝ። የዚህ አገር ትልልቅ ሽንኩርት ለወጥ ይሆናል?

ቀዩን ግዢ። «ጣፋጭ» ተብሎ የሚሸጠው ውሃ ብቻ ነው፣ ለሰላጣ ተዪው። እና መስኮት ክፈቺ፣ ያ የጭስ ደወል ቁሌት አያውቅም።

ስከትፍ ማልቀስ ሰለቸኝ።

ቢላህን ሳለው። ዱልዱም ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፣ የሚያስለቅሰውም ሲጨፈለቅ ነው የሚበዛው። ከመክተፍህ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገባው፣ ሥሩን መጨረሻ ላይ ቁረጠው። ትንሽ ታለቅሳለህ አሁንም።

የተረፈ ወጥ ለውሻችን እንሰጣለን። ምንም አይለው?

አትስጡ። ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴላቸውን ይጎዳል፤ መብሰሉም አያድነውም። ሥጋ ከሰጣችሁት ቁሌት ያልነካውን ቀቅሉለት።