ሞስት ዋንትድ በፑንቶ ብቻ፦ ጥያቄና መልስ

ባለ ፑንቶ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከመጀመሪያው ውድድር እስከ መጨረሻው ተፎካካሪ እስከ ሬዘር ድረስ በፊያት ፑንቶ ብቻ መጨረሴን ከነገርኳችሁ ወዲህ የግል መልእክቱ ስለበዛብኝ ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። የማወራው ስለ 2005ቱ የመኪና ውድድር ጌም ስለ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ነው፤ የ2012ቱ ሌላ ጌም ነው።

የተጫወትኩባቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው። ጌሙ መጀመሪያ ላይ ከሚያቀርባቸው አራት መኪኖች ፑንቶን ገዝቼ እስከ መጨረሻው ሌላ አልነዳሁም። የሞተር፣ የጎማ፣ የፍሬን አፕግሬድ ይፈቀዳል፤ ናይትሮ (ለአፍታ ተጨማሪ ፍጥነት የሚሰጠው) አይገጠምም። ስፒድብሬከር (ጊዜውን የሚያዘገየው) አይነካም። በፒንክ ስሊፕ (ከተሸነፈ ተፎካካሪ በሚወሰድ የባለቤትነት ወረቀት) ያገኘሁትን መኪና አልነዳም፣ አልሸጥምም። ሬስ ላይ ሪስታርት ይቻላል፣ ፖሊስ ከያዘኝ ግን ተያዝኩ ነው፤ ኮምፒውተር ማጥፋት የለም። ስትራይኩ (ፖሊስ በያዘህ ቁጥር መኪናው ላይ የሚመዘገበው ምልክት) ሞልቶ መኪናው ከተወረሰ ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ ሕጋችሁን ጌሙን ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉት። ይህን ደጋግሜ ነው የምለው።

ሳሪስ፦ ለምን ፑንቶ? ጎልፍም እኮ ከአራቱ አንዱ ነው፣ ያውም የተሻለ።

ባለ ፑንቶ፦ የተሻለ ስለሆነ ነዋ። ኮባልቱና ጎልፉ እንደ ፑንቶ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው፤ ሌክሰሱ በኋላ ጎማ ይገፋል። ከአራቱ ደካማው ፑንቶ ነው፣ እኔም የፈለግኩት ደካማውን ነው። ጋራዡ ውስጥ ሌላ መኪና ካለ እያንዳንዱ ሽንፈት “መኪና ልቀይር” በሚል ሐሳብ ያልቃል። አንድ ብቻ ሲሆን የሚቀየረው አነዳድህ ነው። ለዚህ ነው የአንድ መኪና ሕግ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚያስተምረው።

ቢጫ ታክሲ፦ ብሮ ምርጡ መኪና የቱ ነው?

ባለ ፑንቶ፦ እዚህ የምንነጋገረው ስለ አንድ መኪና ነው፤ እሱም ፑንቶ ነው።

ማርሽ ቀያሪ፦ በደረጃ ከተቀመጡት ተፎካካሪዎች ስድስተኛው ሚንግ ጋላርዶ ነው የሚነዳው። አራተኛው ጄቪ ቫይፐር፣ ሁለተኛው ቡል መርሴዲስ ኤስኤልአር። ያለ ናይትሮ ፑንቶ እነዚህን እንዴት ይቀድማል? እውነቱን ንገረን።

ባለ ፑንቶ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጌሙ ተፎካካሪዎቹን ከአንተ ጋር በላስቲክ አስሯቸዋል። አንተ ስትመራ ከኋላ ከአቅማቸው በላይ እየበረሩ ይመጣሉ፤ ወደ ኋላ ስትቀር ደግሞ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ይጠብቁሃል። ብዙ ሰው የሚያማርረው በመጀመሪያው ግማሽ ነው፣ ምክንያቱም ጠንካራ መኪና ይዞ ስለሚመራ ነው። ደካማ መኪና ለያዘ ሰው ግን ሁለተኛው ግማሽ እንጀራው ነው።

ስለዚህ በፑንቶ ቶሎ መምራት ትልቁ ጥፋት ነው። ገና በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከመራህ ጋላርዶው ከኋላህ እንደ ጥይት ይመጣል፣ አንተ ደግሞ ለመልስ የምትለቀው ናይትሮ የለህም። እኔ ሁለተኛ ሆኜ እከተላለሁ። ልዩነቱ እንዲሰፋም እንዲጠብም አልፈቅድም፤ ከፊቴ ሲታየኝ ይበቃኛል። ውድድሩን ቀድሜ አንድ ሁለት ጊዜ ነድቼ የመጨረሻዎቹን ኩርባዎች አጥንቻለሁ። ከመድረሻው በፊት ያለው ጠባብ ኩርባ ላይ እነሱ ፍሬን ሲይዙ በውስጥ በኩል እገባለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገድ አጭር ስለሆነ ላስቲኩ መልሶ ሊያመጣቸው ጊዜ አያገኝም።

ኖክአውት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በየዙሩ የመጨረሻው ስለሚወጣ መዝናናት የለም፤ ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ከፍ ብላችሁ ቆዩና የመጨረሻውን ዙር ብቻ ታገሉ።

ስፒድትራፕ (በየካሜራው ስታልፉ ፍጥነታችሁ የሚመዘገብበት ውድድር) ላይ ደግሞ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የሚደመረው የፍጥነት ቁጥር ስለሆነ ፑንቶ በግልጽ ይጎዳል። እያንዳንዱን ተፎካካሪ ለመጋፈጥ በየደረጃው ያሉትን ውድድሮች ሁሉ ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፣ የተወሰነ ቁጥር ይበቃል። ስለዚህ ስፒድትራፑን መዝለል በምትችሉበት ዝለሉት። የተፎካካሪው የራሱ ውድድር ሆኖ ከመጣ ግን ከካሜራው በፊት ያለውን ቀጥታ መንገድ ንጹሕ አድርጋችሁ ግቡ፣ መጨረሻውም ላይ አትዘግዩ፤ ሌላው ቀድሞ ከገባ የሰበሰባችሁት ቁጥር እያያችሁት ይቀንሳል።

ደሴ፦ ሕግህ ላይ አንድ ነገር አልገባኝም። ሪስታርት ከተፈቀደ ምኑ ነው ፈተናው? እስኪያሸንፍ የሚደጋግም ሰው ማንም ያሸንፋል።

ሳሪስ፦ ደሴ፣ ማንም አያሸንፍም። እስኪ አንተ በፑንቶ ሞክረው።

ደሴ፦ እኔ ያለ ሪስታርት በጎልፍ እስከ ዘጠነኛው ኧርል ደርሻለሁ። ሰውየው ላንሰር ኢቮ ነው የያዘው። ተሸነፍኩ፣ ተቀበልኩ፣ ሌላ ውድድር አሸንፌ ተመለስኩ። እውነተኛው ይህ ነው።

ማርሽ ቀያሪ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሕጉ የየራሳችሁ ነው።

ደሴ፦ እንደዚያማ ከሆነ “ጨረስኩ” የሚለው ቃል ምን ዋጋ አለው?

ፒያሳ ልጅ፦ ድሮ ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈልን ስንጫወት ሪስታርት ገንዘብ ነበር። እኔ አሥራ ሦስተኛው ተፎካካሪ ቪክ ላይ ደርሼ በማግስቱ ስመጣ ሌላ ልጅ በእኔ ሴቭ ላይ ጀምሮ ሁለት ስትራይክ አስገብቶበት አገኘሁት።

ሳሪስ፦ የእኛም ሰፈር እንደዚያው! አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁላችንም በአንድ ስም ነበር የምንጫወተው።

ፒያሳ ልጅ፦ ቀለሙን እንኳ ሐምራዊ አድርጎት ነበር።

ባለ ፑንቶ፦ ልጆች፣ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ደሴ፣ ክርክርህ ቁም ነገር ነው፣ መልሴም ይኸው። ሪስታርትን የፈቀድኩት ሬስ ላይ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሬስ ላይ መደጋገም መንገድ ማጥናት ነው። የከለከልኩት ፖሊስ ላይ ነው፤ እዚያ መደጋገም ከውጤት መሸሽ ነው። ያንተ ሕግ ከእኔ ይከብዳል፣ አከብረዋለሁ። በሁለቱ ሕግ የጨረሱ ሰዎች ግን አንድ ዓይነት ነገር አልጨረሱም፤ ስለዚህ “ጨረስኩ” የሚል ሰው ሕጉን አብሮ ይናገር። መጀመሪያ ጻፉት የምለውም ለዚሁ ነው።

ቦሌ ሚካኤል፦ ጌሙን የማወርድበት ሊንክ አለህ?

ባለ ፑንቶ፦ የለኝም።

እንቁ፦ ወንድሜ፣ እኔ ናይትሮና ስፒድብሬከር አቁሜ እየተጫወትኩ ነው፣ በኮባልት። ሬሱ ደህና ነው፤ ያቃተኝ ቶልቡዝ ነው፣ ያ ብቻህን በሮቹን በሰዓት የምታልፍበት። ሁልጊዜ የመጨረሻው በር ላይ ሰዓት ያልቅብኛል።

ባለ ፑንቶ፦ እንቁ፣ ትክክለኛው ግድግዳ ላይ ነው የደረስሽው። በዚህ ጌም ደካማ መኪና በእውነት የሚፈተነው ቶልቡዝ ላይ ነው። ለምን መሰለሽ? ብቻሽን ነሽ። ተፎካካሪ ስለሌለ ላስቲክ የለም፤ ሰዓቱ ማንንም አይጠብቅም። እኔ ከሬዘር በላይ ያለፋኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ፣ አንዱ በር ላይ ያተረፍሽው ሰከንድ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ስለዚህ የመጨረሻው በር ላይ የሚያልቀው ሰዓት የጠፋው እዚያ አይደለም፣ መጀመሪያዎቹ ሁለት በሮች ላይ ነው። ሰው ገና ብዙ ሰዓት አለ ብሎ እየተዝናና ይነዳና መጨረሻ ላይ ይሯሯጣል። ሲሯሯጥ ይጋጫል። አንቺ ግልብጥ አድርጊው፦ ልብሽን መጀመሪያው ላይ ስጪ፣ መጨረሻው ላይ ተረጋጊ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ኮባልትም ፑንቶም የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው፤ ያው የፊት ጎማ ደግሞ መሪውንም ይዟል። ኩርባ ውስጥ ሆነሽ ፍሬንም መሪም ነዳጅም አንድ ላይ ከጠየቅሽው አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሻል። ስለዚህ ፍሬንሽን ቀጥታው ላይ ጨርሺ። ፍሬኑን ልቀቂ፣ ከዚያ መሪ። አፍንጫው ወደ መውጫው ሲያይ ብቻ ነዳጅ። የእጅ ፍሬን አትንኪ፤ መኪናው ሲንሸራተት ያምራል እንጂ ፍጥነቱን ይበላል፣ ናይትሮ የሌለው ሰው ደግሞ ያንን ፍጥነት ለመመለስ ረጅም መንገድ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ ትራፊኩ። በሩቅ እዪ። ከፊትሽ ያለውን መኪና ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለውን እያየሽ ንጂ። አውራ ጎዳናው ላይ ዳሩን ተጠቀሚ።

ፖዝ ስታደርጊ የሚመጣውን ማስተካከያም አትዝለዪ፤ ቁመቱን ዝቅ፣ የመሪውን ምላሽ ትንሽ ፈጠን አድርጊ። ብዙ ሰው መኖሩንም ሳያየው ጌሙን ይጨርሳል።

እንቁ፦ መጀመሪያ በሮች ላይ ነው የሚለው እውነት ነው፣ አሁን አስተዋልኩ። አመሰግናለሁ።

ካዛንቺስ፦ በ2012ቱ ላይ ፑንቶ አለ እንዴ?

ባለ ፑንቶ፦ ከላይ ጽፌአለሁ። የ2005ቱ ነው።

ገርጂ፦ ፖሊሱስ? አንድ መኪና ብቻ ይዘህ ሂቱ (ፖሊሱ የሚበረታበት ደረጃ) ሲጨምር ምን ታደርጋለህ? እኔ ሌላ መኪና እየነዳሁ ነው የማበርደው።

ባለ ፑንቶ፦ ሂት የሚያዘው በየመኪናው ስለሆነ ያንተ መንገድ ለእኔ ዝግ ነው። የቀረኝ መልክ መቀየር ነው፤ ቀለም፣ ሪም፣ ቦዲ ኪት ስትቀይር ሂቱ ይወርዳል። ስለዚህ ለቀለም የሚሆን ብር ሁልጊዜ አስቀምጥ፣ ሁሉንም አፕግሬድ ላይ አትጨርስ። ለመቀጮም እንዲሁ፤ የምትከፍለው ካጣህ መኪናው ይወሰዳል።

ማይልስቶኖቹን (በፖሊስ ማሳደድ ውስጥ የሚሞሉትን ግቦች) ለየብቻ አትልቀም። በአንድ ማሳደድ ውስጥ ቆይታውንም፣ የመንገድ መዝጊያውንም፣ የጉዳት ግምቱንም አንድ ላይ ጨርስ፤ ማሳደዱ ባነሰ ቁጥር የመያዝ ዕድልህም ያንሳል። ፖሊሶቹ ላይ የሚደረመሱትን፣ ነዳጅ ማደያውንና ትልቁን ዶናት፣ እኔ እጠቀማለሁ፣ ሕጌ አይከለክልም። ካርታው ላይ በቀይ ሦስት ማዕዘን ይታያሉ። ሂት ሳይከብድ መውጫህን እወቅ። ተፎካካሪ ስታሸንፍ ከምትመርጣቸው ሁለት ማርከሮች (ሽልማቶች) መካከል የስትራይክ ቦታ የሚጨምር ከደረሰህ ሳታቅማማ ተቀበል። ሦስት ስትራይክ ለአንድ መኪና ተጫዋች በጣም ትንሽ ነው።

አዲስ ገቢ፦ እንዴት ነው የምጫወተው?

ባለ ፑንቶ፦ ምኑን? ሬሱን? ፖሊሱን? ሕጉን? የትኛው ተፎካካሪ ላይ እንደቆምክ፣ በምን መኪና እንደሆንክና ሕግህ ምን እንደሚል ጽፈህ ተመለስ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ታላቅ ወንድሜ የተወልኝ ኤክስቦክስ 360 ላይ አለኝ። ያው ነው?

ባለ ፑንቶ፦ ያው ነው።

ሽሮ ሜዳ፦ ድራግ (የቀጥታ መንገድ ውድድር) ላይ ሞተሬ ይፈነዳል።

ባለ ፑንቶ፦ ማርሽ ቶሎ ቀይር። ቀዩ ላይ አትቆይ። አውቶማቲክ ለለመደ ሰው ድራግ ይከብዳል፣ እዚያ ማርሹ በእጅ ብቻ ነው። ከፊትህ መኪና ካለ መስመር ቀድመህ ቀይር፤ አንድ ግጭት ይበቃል።

ቢጫ ታክሲ፦ እሺ ከፑንቶ ሌላ ምርጡ የቱ ነው?

ባለ ፑንቶ፦ ቢጫ ታክሲ፣ ይህን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳትደግምብኝ።

ደሴ፦ አሁን የጨነቀኝን ልጠይቅ። መግቢያው ላይ የምትነዳው ቢኤምደብሊው ኤም 3 ጂቲአር ነው። መጨረሻውም ላይ ሬዘርን ካሸነፍክ በኋላ ከከተማው የምታመልጠው በዚያው መኪና ነው። ታዲያ “በፑንቶ ብቻ” ማለት ይቻላል?

ሳሪስ፦ ጌሙ ካስገደደህ አይቆጠርም።

ደሴ፦ ጌሙ ስላስገደደ እውነታው ይቀየራል?

ባለ ፑንቶ፦ ደሴ ልክ ነው፣ አይቀየርም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ “እስከ ሬዘር ድረስ” ያልኩት እንጂ “ጌሙን በሙሉ” ያላልኩት። ኤም 3ቱ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። መግቢያው ላይ ይሰጥሃል፣ ሬዘር ተንኮል ሠርቶበት ሞተሩ ይሞታል፣ መኪናውም የሬዘር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ስታስመልሰው ከድልድዩ የምትዘለው በእሱ ነው፤ ፑንቶን ይዤ ልውጣ ብትል ጌሙ አይፈቅድልህም። እኔ ሩጫዬን ያቆምኩት የሬዘር 5ኛው ውድድር መድረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳደድ ታሪኩን ለመጨረስ ተጫወትኩት፣ ከፈተናው ግን አልቆጠርኩትም። ሕግ ስትጽፉ የት እንደሚያበቃም ጻፉ።

ደሴ፦ አሁን ተስማማን።

ፒያሳ ልጅ፦ ፒንክ ስሊፑንስ ለምን አትሸጥም? ብሩ ለቀለም ይሆንህ ነበር።

ባለ ፑንቶ፦ የተፎካካሪው የባሮን ፖርሼ ካይማን ተሸጦ የፑንቶ ሞተር ከተገዛ ፑንቶውን ያሳደገው ካይማኑ ነው። ብሩም በፑንቶ መገኘት አለበት።

ገርጂ፦ እኔ ዛሬ ልጀምር ነው። ጻፉ ስላልክ ጻፍኩ፦ 1. ኮባልት ብቻ። 2. ከተቻለ ናይትሮ አልጠቀምም። 3. ሬስ ላይ ሪስታርት አለ፣ ፖሊስ ላይ የለም። 4. ፒንክ ስሊፕ አልነዳም። 5. ሬዘር ላይ ያበቃል።

ባለ ፑንቶ፦ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ላይ “ከተቻለ” የሚለውን አውጣ፤ አምስተኛው ዌብስተርና ኮርቬቱ ላይ ስትደርስ አይቻልም ማለትህ አይቀርም። ወይ አትግጠመው፣ ወይ እስከ ስንተኛው ተፎካካሪ እንደምትጠቀም ቁጥር ጻፍ። አራተኛው ላይ ደግሞ መሸጡን አልጠቀስክም። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?

ገርጂ፦ አይፈቀድም። ናይትሮም አልገጥምም።

ባለ ፑንቶ፦ እንግዲያው ጀምር። የመጀመሪያው ተፎካካሪ ሶኒ ላይ ስትደርስ ቶሎ አትምራ።