የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለተማሪ ውጤት ምን ያደርጋል?

በዚህ ወር ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ በመሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ሁለቱን ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከእራት በኋላ እስኪዘጋ ድረስ የምገኘው ላይብረሪ ነው፤ ፈተና ሲደርስማ ወንበር እንዳይያዝብኝ ገና በጊዜ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። ውጤቴ ግን ከድካሜ ጋር አይመጣጠንም። አሁን ደግሞ ስለ እንሰት በሽታ ፕሮፖዛል እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። አማካሪዬ «የላይብረሪ ባለሙያዎቹን አነጋግሪ» አሉኝ። እኔ እስከማውቀው እነርሱ መታወቂያ ተቀብለው መጽሐፍ ከመስጠትና በር ላይ ቦርሳ ከመፈተሽ ያለፈ ሥራ የላቸውም። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ አማካሪሽ በትክክል መክረውሻል። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ጥበቃ፣ በመስኮት መጽሐፍ የሚያውሰው ሠራተኛና በቤተ መጻሕፍት ወይም በመረጃ ሳይንስ ሙያ የሠለጠነው ባለሙያ በተማሪ ዓይን አንድ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ሦስተኛውን ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሪፈረንስ ወይም በዲጂታል ክፍሉ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሰው አንድም ቀን ሳያነጋግር ይመረቃል፤ ለዚህም ተማሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ባለሙያውን ሰው በማያልፍበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ አሠራርም ድርሻ አለው።

ስለ ውጤትሽ ላነሣሽው ቅሬታ ደግሞ በወንበሩ መጠቀምና በቤተ መጻሕፍቱ መጠቀም ለየቅል መሆናቸውን ማየት ይጠቅምሻል። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች 7 ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የተመራቂዎችን ውጤት ከቤተ መጻሕፍት አጠቃቀማቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። መጽሐፍ የሚዋሱና የኤሌክትሮኒክ ምንጮችን የሚጠቀሙ ተማሪዎች የተሻለ የመመረቂያ ውጤት ይዘው ተገኝተዋል፤ በበሩ ደጋግሞ መግባት ግን ከውጤት ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየበትም። እርግጥ ነው፣ ይህ መዋስ ብቻውን ውጤት ያሳድጋል ማለት አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪ ቀድሞውንም ብዙ የሚዋስ ሊሆን ይችላልና። ይሁንና ሀንድአውት ይዞ ገብቶ ያንኑ ሀንድአውት ይዞ የሚወጣ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍቱ ያገኘው ጸጥታና መብራት ብቻ ነው፤ እነዚህም ዶርም ውስጥ እንደልብ ስለማይገኙ አይናቁም፤ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ከሚሰጠው ሁሉ ትንሹ ናቸው።

አሁን ወደ ፕሮፖዛልሽ እንምጣ። ባለሙያውን «የእንሰት መጽሐፍ አላችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ «አለ» ወይም «የለም» ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን መልሶ ይጠይቅሻል፦ ለየትኛው ኮርስ ነው? ስለ በሽታው ምንነት ነው ወይስ ስለ መከላከያው? ገበሬው ማሳው ላይ የሚያደርገውን ነው ወይስ በላቦራቶሪ የሚሠራውን? የምታስረክቢው መቼ ነው? ይህ እንደ መጠየቂያ ቅጽ ቢያሰለችም የሙያው ዋና ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሚፈልገውን ሳይሆን ይገኛል ብሎ የገመተውን ነውና።

ከዚያ በኋላ የሚያሳይሽ ነገር አንድ መደርደሪያ ፊት ቆመሽ የምታገኚው አይደለም። መጻሕፍቱ በዲዊ ቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱን ርዕሰ ጉዳይ በቁጥር በሚመድበው ሥርዓት፣ በተደራጁበት ቤተ መጻሕፍት ስለ ሰብል በሽታ የተጻፈው 632 ላይ ይገኛል፤ የግብርና ኢኮኖሚ 338.1 ላይ ነው፤ ስለ ቆጮና ቡላ አዘገጃጀት የተጻፈ ቢኖር ደግሞ ከምግብ መጻሕፍት ጋር 641 ላይ ይቀመጣል። እንሰት አንድ ተክል ቢሆንም መጽሐፉ በሦስት ፎቅ ሊበታተን ይችላል ማለት ነው።

ትልቁ እገዛ ግን ያለው የጥናት ጽሑፎችን በኮምፒውተር በመፈለጉ ላይ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ መጽሔት ሲገለጽ ዛንቶሞናስ ሙሳሲየረም ተብሎ ነበር፤ ኋላ ላይ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ከተባለው ዝርያ ሥር ተመደበ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ተዛውሯል። ስለዚህ በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ የቀደሙትን አሥርት ዓመታት ጥናቶች በአብዛኛው ያጣቸዋል፤ በአሮጌው ስም ብቻ የፈለገም የቅርቡን ያጣል። በዚህ ላይ ይኸው በሽታ ሙዝንም ያጠቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩጋንዳ ውስጥ ከታየ ወዲህ ብዙ ጥናት የታተመው በእንሰት ሳይሆን በሙዝ ስም ነው። ባለሙያው በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ሦስቱን የባክቴሪያ ስሞች «ኦር» (OR፣ «ወይም») በሚለው ማያያዣ አገናኝቶ በአንድ ቅንፍ፣ እንሰትንና ሙዝን እንዲሁ በሌላ ቅንፍ አስገብቶ፣ ሁለቱን ቅንፎች በ«ኤንድ» (AND፣ «እና») እንድታያይዣቸው ያሳይሻል። ለማሳየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም፤ አንቺ ብቻሽን በሙከራ እደርስበታለሁ ብትዪ ግን ሴሚስተሩ ሊያልቅብሽ ይችላል።

ጽሑፉን አግኝተሽ ልትከፍችው ስትዪ በዶላር ክፈዪ ካለሽም ተስፋ አትቁረጪ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አጎራ፣ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥምረት ሥር ሆነው በክፍያ የሚሸጡ መጽሔቶችን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ተቋማት ያለ ክፍያ ይከፍታሉ፤ ኢትዮጵያም በነፃ ከሚጠቀሙት አንዷ ናት። ተቋምሽ የተመዘገበ ከሆነ አገባቡንና የይለፍ ቃሉን የምታገኚው ብዙውን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ ነው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ያወረድሽውን በፍላሽ አስቀምጪው።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅን፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅንና የዲላን የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በማዋሐድ ነው፤ ዲላ በኋላ ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ትምህርቱም እስከ ዛሬ በየግቢው የተከፋፈለ በመሆኑ በአንዱ ግቢ ያጣሽው መጽሐፍ በሌላው ሊኖር ይችላል፤ «የለም» ስትባዪ «በየትኛው ግቢ ይኖራል?» ብለሽ መጠየቅ አትርሺ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኗል። ላፕቶፕ ካልተገዛልኝ መማር አልችልም ይለኛል። እኔ በአነስተኛ ንግድ ነው የምተዳደረው፤ ሌሎችም ልጆች አሉኝ። ላፕቶፑ ይቅደም ወይስ መጻሕፍት ልግዛለት? ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ሸክም አያቃልልልኝም ወይ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱንም ባይገዙለት ልጅዎ ከትምህርቱ አይቀርም። ዋና ዋናዎቹ የትምህርት መጻሕፍት በጥቂት ቅጂ ስለሚገኙ ቤተ መጻሕፍት ሪዘርቭ በሚባለው ክፍል ያስቀምጧቸዋል፤ ተማሪ መታወቂያውን አስይዞ ለሰዓታት እዚያው ያነባቸዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ለአንድ ሌሊት ወስዶ ጠዋት ይመልሳቸዋል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ክፍልም አላቸው፤ ወረፋው ግን በፈተና ሰሞን ያስቸግራል። ላፕቶፕ እውነተኛ ችግር የሚሆነው ፕሮጀክትና የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ ነውና እስከዚያ ድረስ ቀስ ብለው ቢያጠራቅሙ ይሻላል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ልጅዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጠውን የቤተ መጻሕፍት ትውውቅ እንዳያመልጠው መንገር ነው። ፍሬሽማን ተማሪ ግቢ ሲገባ ካፌና ዶርም ፍለጋ ላይ ስለሚጠመድ ይህን ፕሮግራም እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል፤ በዚያ ያልሰማውን አሠራር ግን ኋላ በቅጣት ይማረዋል። የተዋሰውን መጽሐፍ ቢጥል ዋጋውን ወይም ምትኩን መክፈል አለበት፤ ሲመረቅም ቤተ መጻሕፍቱ ክሊራንሱ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለበት የሚመሰክረው ቅጽ፣ ላይ ካልፈረመለት ማስረጃው ይያዝበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስላለና ማለፊያውም 50 በመቶ ስለሆነ ከታች ክፍል ጀምሮ የተነበቡት መጻሕፍት ኋላም ተመልሰው እንደሚያስፈልጉ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። በመመረቂያ ጽሑፌ ከዘረዘርኳቸው ዋቢዎች የተወሰኑትን አማካሪዬ ፈልገው ሊያገኟቸው አልቻሉም። ዋቢዎቹን የሰጠኝ ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው፤ ርዕሱም፣ ጸሐፊውም፣ ዓመቱም ተሟልቶ ስለነበር አልጠረጠርኩም። ላይብረሪ ብሄድ ይረዱኛል ወይስ ለዲፓርትመንቱ ያሳብቁብኛል?

መልስ፦ የተገልጋይን ጉዳይ በምስጢር መያዝ የሙያው ግዴታ ነው፤ ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ኢፍላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ላይም ሰፍሯል። ስለዚህ ያለ ስጋት ሂድ። አማካሪህ ግን ነገሩን ደርሰውበታልና ለእርሳቸው እውነቱን ራስህ ብትነግራቸው ይሻልሃል።

እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያ ፈልጎ አይሰጥህም፤ ዋቢ የሚመስል ጽሑፍ ነው የሚያቀናብርልህ። በእርግጥ በዘርፉ የሚታወቅ ተመራማሪን ስም በእርግጥ ከሚታተም መጽሔት ስም ጋር አጋጥሞ፣ ያልተጻፈ ርዕስ ስለሚሰጠው ለማመን ይቀላል። ባለሙያው እያንዳንዱን ዋቢ ከአንተ ጋር ያጣራል። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ከቶ ጉግል ስኮላር በተባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ይፈልገዋል፤ ዲ.ኦ.አይ. የሚባለው መለያ ቁጥር ካለው ቁጥሩ ወዴት እንደሚመራ ያያል፤ ይህም ካልሆነ የመጽሔቱን የዚያን ዓመት ቅጽ ማውጫ ከፍቶ በተጠቀሰው ገጽ ላይ የማን ጽሑፍ እንዳለ ይመለከታል። ይህ የመጨረሻው ዘዴ የሚያጋልጠው ብዙ ነው፤ ከገጽ እስከ ገጽ የተባለው ቦታ ላይ ጭራሽ የሌላ ሰው ጥናት ይገኛል።

ተገኝተው የተረፉትም ቢሆኑ ገና ነፃ አልወጡም። ጽሑፉ መኖሩ አንተ ይላል ያልከውን ማለቱን አያረጋግጥምና ከፍተህ ማንበብ አለብህ፤ በእኔ አስተያየት ከጠፉት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚለካው ሶፍትዌርም አያድንህም፤ እርሱ የሚያየው ከሌላ የተቀዳን ነገር ነው እንጂ ያልነበረን ነገር አይደለም። ለጎደለው ቦታ የሚሆን ምንጭ ስትፈልግ የራስህ ዲፓርትመንት የቀድሞ ተመራቂዎች የሠሯቸውን ጥናቶች እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ ስለ አካባቢህ የተጻፈ ነገር ከውጭ መጽሔት ይልቅ እዚያ ይገኛል። ለቀጣዩ ዞቴሮ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ቢጭኑልህ ዋቢዎችህን ካነበብካቸው ፋይሎች ጋር አያይዞ ያስቀምጥልሃል።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ነኝ። መምህራን ንባቡን የሚሰጡን ፎቶ ኮፒ አድርገው ወይም በፎቶ የተነሣ ፒ.ዲ.ኤፍ. በቴሌግራም ልከው ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም ዝም ይላል። እስካሁን ጓደኞቼ እያነበቡልኝ ነው የማጠናው። ላይብረሪው ሊያደርግልኝ የሚገባው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ መብትሽም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራካሽ ስምምነት አባል ሆናለች፤ ስምምነቱ የታተሙ ሥራዎችን ማንበብ ለሚሳናቸው ሰዎች ቤተ መጻሕፍትና መሰል ተቋማት የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ተደራሽ ቅጂ እንዲያዘጋጁ በር የከፈተ ነው። «የቅጂ መብት አለበት፣ አንነካውም» የሚል መልስ ቢሰጥሽ ይህን አንሺባቸው፤ የሕግ ተማሪ እንደመሆንሽ ከእኔ የተሻለ ትከራከሪያለሽ።

ፕሮግራሙ ዝም የሚለው ፋይሉ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ስለሆነበት ነው። ባለሙያው ፋይሉን ፊደል በሚለይ ሶፍትዌር ማሳለፍ አለበት፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የአማርኛን ፊደልም ይለያል። በአንቺ ትምህርት ግን አንድ የተለየ ችግር አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚታተም ገጹ እንዳለ ከተላለፈ የአማርኛው መስመር ከእንግሊዝኛው ጋር ተሳክሮ የማይገባ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ዓምዶች ተለያይተው እንዲተላለፉልሽ በግልጽ ጠይቂ፤ የአንቀጽ ቁጥሮቹንም አንድ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክርልሽ፤ የግዕዝ ቁጥር ወይም የተደበዘዘ ፊደል በተሳሳተበት ሕግ ላይ ተመሥርቶ መልስ መጻፍ ይጎዳሻልና። የስክሪን አንባቢው ዋጋ ካስቸገረሽ ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. በነፃ የሚገኝ ነው።

ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ የሴሚስተሩን የንባብ ዝርዝር ከመምህራኑ ቀድመሽ ተቀብለሽ ትምህርት ሳይጀመር ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቢ፤ ሚድ ሲቃረብ የተጠየቀ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለፈተናው አይደርስም።