የፊት መስታወት ውሃ አባራሪ ቅባት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቀብቼው በሳምንቱ ለቀቀ። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ዕቃውን ከመጠርጠርህ በፊት መስታወቱን ጠርጥር። ቅባቱ መያዝ ያለበት ራሱን መስታወቱን ነው። መሃል የመንገድ ዘይት፣ ጥላሸት ወይም የመኪና ሰም ካለ የቀባኸው ቆሻሻውን ነው፤ እሱ ሲሄድ ቅባቱም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ በሳሙና እጠብ። በጣትህ ስትዳስሰው የሚሻክር ከሆነ በሳሙና ውሃ እያራስክ በመኪና ክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሣ ሊጥ መሰል ጭቃ) እሸው። ነጭ የጠብታ ምልክት የውሃ ካልሲየም ነው፤ በሆምጣጤ የራሰ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ለጥፈህበት አለቅልቀው። ይህም ካላስለቀቀው የሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት (መስታወት የሚሞርድና የሚያለሰልስ) በውሃ እንደ ቀጭን ሊጥ በጥብጥና በስፖንጅ ፈግፍግ፤ እየፈገፈግክ እንዳይደርቅብህ ውሃ ርጭ።

አሁን ውሃ አፍስስበት። ንጹሕ መስታወት ላይ ውሃው እንደ አንድ አንሶላ ይዘረጋል። እየተቆራረጠ ከተሰበሰበ ዘይት ወይም የድሮ ቅባት ቀርቷል፣ ወደ ኋላ ተመለስ። ካለፈ አድርቀህ በአይሶፕሮፒል አልኮል ወልውል። ጠርሙሱ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ይደረባል?

መልስ፦ ሁለቴ። በጥላ፣ መስታወቱ ቀዝቅዞ፣ ግማሽ ግማሹን። በታጠፈ ጨርቅ እያዞርክ ቀባ፤ ከዚያ አግድምና ቁልቁል። ጭጋግ ሲመስል በትንሹ በራሰ፣ ቀጥሎም በደረቅ ማይክሮፋይበር ጥረግ። ማብዛት ዕድሜ አይጨምርም፣ መስታወቱን ያዥጎረጉራል እንጂ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ መስታወት ላይ ችግር አለ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ችግር? ቀን ነው ማታ? ሲዘንብ ነው በደረቅ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከቀባሁ ወዲህ ዋይፐሩ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያልተጠረገ ትርፍ ቅባት አለ ማለት ነው። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ደግመህ ጥረግ፣ የላስቲኩንም ጠርዝ አልኮል በነካ ጨርቅ አንዴ ሳብ። ጨርቁ ጥቁር መውጣቱን እስኪተው ድረስ ድገመው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ግን ክንዱን እይ። ላስቲኩ ወደሚሄድበት ተቃራኒ ተኝቶ መጎተት አለበት፤ ክንዱ ከተጠማዘዘ በአንዱ ጉዞ እየተገፋ ይዘላል። ላስቲኩ ደርቆ ከጠነከረ ምንም ብታደርግ አይገላበጥም፣ ቀይረው። በክንዱና በላስቲኩ ጉዳይ ቅባቱ ጥፋቱን አላመጣም፤ መስታወቱ ላይ የነበረው ቀጭን ውሃ ሸፍኖት የነበረውን አጋለጠው።

አባል፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ጥሬ ድንች ቆርጦ ማሸት ነው።

ሌላ አባል፦ ድንች ስታርች ነው፣ ስታርች ደግሞ ውሃ ይወዳል። ጥያቄው ስለማባረር ነው።

አባል፦ ናፍጣስ? ውሃው ይንከባለላል፣ ዓይኔ ያየው ነው።

ሌላ አባል፦ ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያበራብህስ ዓይንህ ምን አየ?

መልስ፦ ናፍጣ ዘይት ነው፤ ዋይፐሩ ይለቀልቀዋል፣ መብራት ይበትናል፣ ላስቲክ ይጎዳል። በዚህ ይብቃ። ባልጸዳ መስታወት ላይ ምንም አትቀቡ!

ጥያቄ፦ ከውስጥ ብቀባው ጉም ይከላከላል?

መልስ፦ አይከላከልም። ጉሙ ራሱ ጥቃቅን ጠብታ ነው፣ ቅባቱ ጠብታውን ያጸናዋል። ኤሲውን ክፈት።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ዋይፐር ላለውስ?

መልስ፦ ሴንሰሩ በመስታወቱ ውስጥ ኢንፍራሬድ ብርሃን እያንጸባረቀ ውሃ ይለካል። ከተዘረጋ ውሃ ይልቅ የተነጠለ ጠብታ ስለሚያገኝ ሊዘገይ ወይም ያለጊዜው ሊነሣ ይችላል። ከሴንሰሩ ፊት ያለችውን ቦታ ሳትቀባ እለፍ።

ጥያቄ፦ ስነዳ ንፋሱ ጠብታውን የሚገፋልኝ ከሆነ፣ በምን ፍጥነት ዋይፐር ይጠፋል?

አባል፦ በ60።

ሌላ አባል፦ የቆመ መስታወት ያለው ሚኒባስ ላይ ሞክረውማ!

መልስ፦ በመስታወቱ ተዳፋት ይለያያል። ንፋስ ትልቁን ጠብታ ቀድሞ ይገፋል፣ ትንሹ ይቀራል፤ ማታ የሚያንጸባርቀው እሱ ነው። ዋይፐር አታጥፉ።

ጥያቄ፦ እኔም ቀብቼ አልያዘልኝም፣ የቱ ብራንድ ይሻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ከብራንዱ ይልቅ የተሠራበትን እይ፦ ከሲሊኮን የተሠራው ቅባት ለመቀባት ይቀላል፣ ቶሎ ይለቃል። ከፍሎሮሳይሌን (ፍሎሪን ያለበት ውህድ) የተሠራው ይቆያል። የውሃውን ሙከራ ያላለፈ መስታወት ላይ ሁለቱም አይይዙም።

ጥያቄ፦ መልቀቁ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ዋይፐሩ የሚጠርገው ቅስት ላይ ይጀምራል። ጠብታው ሲንከባለል ከኋላው እርጥብ መስመር ከተወ ጊዜው ደርሷል። በላዩ ላይ አትደርብ፤ ከሳሙናው ጀምር።