መልስ፦ ኖኪያ 5310 ወይስ ሶኒ ኤሪክሰን ደብሊው 580?

ኖኪያውን ውሰድ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለቱም ስልኮች ያገለገሉ ሆነው በእኩል ዋጋ ከቀረቡልህና የምትፈልገው ለዘፈን ብቻ ከሆነ ብዙ አታስብ።

ሁለቱም በፈረንጆቹ 2007 የወጡ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ሚሞሪውና ማዳመጫው ላይ ነው። ኖኪያው የትም ሱቅ ያለችውን ትንሿን ማይክሮ ኤስዲ ይቀበላል፣ ማዳመጫውም ተራው ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሶኒው ግን ኤም 2 የምትባል ለብቻዋ የሆነች ሚሞሪ ነው የሚፈልገው፣ እሷን ዛሬ እንኳን ደብረ ብርሃን አዲስ አበባም ማግኘትህን እንጃ፣ የማዳመጫው መሰኪያም የራሱ ስለሆነ ገመዱ የተበጠሰ ቀን ጣጣ ነው።

በድምፅ ሶኒው አይታማም። ነቅነቅ ሲያደርጉት ዘፈን መቀየሩም ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር። የኖኪያው ሦስት የሙዚቃ ቁልፎች ግን ከስክሪኑ ጎን ስለሆኑ ሳታይ በጣትህ ታገኛቸዋለህ፤ በዚያ ብርድ እጅህን ከጋቢ ሳታወጣ ዘፈን ትቀይራለህ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ብር ከመክፈልህ በፊት ባትሪውን አውጣና ጠረጴዛ ላይ አሽከርክረው። እንደ እንዝርት ከዞረልህ አብጧል ማለት ነው። ሻጩ «ቻርጅ ስታደርገው ይስተካከላል» ቢልህ አትስማው፣ ወይ ባትሪ ይቀይርልህ ወይ ዋጋ ይቀንስ።