የትኛውን ልግዛ? ስለ አዲስ ቴሌቪዥን የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቴሌቪዥን ናቸው። ደስ ብሎኛል። ቴሌቪዥን በየዓመቱ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አንዴ ቤት ከገባ ቤተሰቡ ሁሉ ለዓመታት ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰው ቢጓጓ፣ ቢያወላውል፣ ሲያወዳድር ቢያመሽ አይፈረድበትም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴን።

ጥያቄ፦ 55 ኢንች ለመግዛት ወስነን ሄድን። ሱቅ ውስጥ 65ቱን ሳይ ልቤ እዚያው ቀረ። ባለቤቴ ግን «ሳሎኑን ይውጠዋል» ትላለች። ሶፋችን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ይርቃል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 55 ኢንች ወደ ጎን 122፣ ወደ ላይ 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 65 ደግሞ 144 በ81 ነው። የአሥር ኢንች ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የስክሪኑ የቆዳ ስፋት 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ልብዎ እዚያ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ርቀቱን ለማስላት ብዙ ባለሙያዎች የሚነሡት ስክሪኑ ከእይታችን 30 ዲግሪ ያህል ይያዝ ከሚለው ምክር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሰያፉን ርዝመት በ1.6 ማባዛት። ለ55 ኢንች 2.2 ሜትር፣ ለ65 ኢንች 2.6 ሜትር ይመጣል። እርስዎ መሃላቸው ላይ ነዎት። ፊልምና ኳስ የሚበዛበት ቤት ከሆነ እኔ 65ቱን እመርጣለሁ። ዜና ለማየት ብቻ ከሆነ 55ቱ ይበቃል።

የባለቤትዎ ነገር ግን በሒሳብ አይዘጋም። ሳሎኑ የእሳቸውም ነው። ካርቶን 144 በ81 አድርጋችሁ ቁረጡና ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሁለት ቀን አብራችሁት ክረሙ። ሱቅ ውስጥ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ዙሪያውም ትልልቅ ስክሪን ስለሆነ ዓይን ይታለላል። ቤታችሁ የተለጠፈው ካርቶን ግን እውነቱን ይነግራችኋል። ማስቀመጫ ጠረጴዛውንም ለኩ። የብዙ ቴሌቪዥኖች እግር ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆነ አጭር ጠረጴዛ ላይ አይቆምም። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ከሆነ፣ የስክሪኑ መሃል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ብዙ ከፍ እንዳይል። አንገት ያማል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ኦሌድ፣ ኪውሌድ፣ ሚኒ ኤልኢዲ እያለ ሲያስረዳኝ ጭንቅላቴ ዞረ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለእኔ የሚሆነኝስ የትኛው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስሙ ቢበዛም ወገኑ ሁለት ነው። በአንደኛው ከስክሪኑ በስተጀርባ መብራት አለ። ፊት ለፊት ያለው ኤልሲዲ ብርሃኑን እያሳለፈና እየከለከለ ምስል ይሠራል። በተለምዶ ኤልኢዲ የምንለውም፣ ኪውሌድም፣ ሚኒ ኤልኢዲም ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። በሁለተኛው የኋላ መብራት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች። ይህ ኦሌድ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ላይ ነው። የኋላ መብራት ያለው ስክሪን ጥቁር ሲያሳይ ትንሽ ብርሃን ያመልጠዋል። ማታ መብራት አጥፍተሽ ስታዪ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል። ኦሌድ ላይ ግን ጥቁር ቦታ ማለት የጠፋ ነጥብ ማለት ነው። የሌሊት ሰማይ፣ በሻማ ብርሃን የተቀረጸ ትዕይንት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው እዚያ ላይ ሲታይ ልብ ይነካል። የኦሌድ መነሻ የካሜራና የፎቶ ፊልም አምራቹ የኮዳክ ቤተ ሙከራ ነው። የኩባንያው ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ የሥራቸውን ውጤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። በትልቅ ስክሪን ሳሎን እስኪደርስ ግን እስከ 2013 ድረስ ጠብቀናል።

ኪውሌድን የሚለየው ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። የኋላ መብራቱን ተቀብለው ጥርት ያለ ቀይና አረንጓዴ ይሰጣሉ። ቅንጣቶቹን ያገኙትና ለሥራ እንዲውሉ ያበቁት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውባቸዋል። ሳሎን ውስጥ የምናየው ቀለም እዚያ ድረስ የሚያስከብር ሥራ አለበት። ሚኒ ኤልኢዲ ደግሞ የኋላ መብራቱን በጣም ትንንሽና ብዙ አድርጎ በክፍል በክፍል ያደበዝዘዋል። ጥቁሩ ወደ ኦሌድ ይጠጋል። ድምቀቱ ደግሞ ኃይለኛ ነው።

አሁን ራስሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ የምታዪው መቼ ነው? ማታ፣ መብራት ቀንሰሽ ከሆነ ኦሌድ ውሰጂ። ቀን፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባ ከሆነ ሚኒ ኤልኢዲ ይሻልሻል። በጀቱ ጠበብ ካለ ደህና ኪውሌድ አያሳፍርም። ዜና ጣቢያ ጠዋት ተከፍቶ ማታ በሚዘጋበት ቤት ግን ኦሌድ አልመክርም። የጣቢያው ምልክት አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ከጊዜ በኋላ ጥላው ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤይት ኬ ልግዛ ወይስ ፎር ኬ ይበቃኛል?

መልስ፦ ፎር ኬ። እሱ ራሱ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ኤይት ኬ 33 ሚሊዮን ያህል ቢኖረውም ከሶፋ ላይ ሆኖ ልዩነቱን ማየት ያስቸግራል። በዚያ ጥራት የተዘጋጀ ፊልምና ፕሮግራምም እምብዛም የለም። ለኤይት ኬ የምታወጡትን የተሻለ ፎር ኬ ላይ አውሉት።

ጥያቄ፦ ወራት ሙሉ እያወዳደርኩ ነው። አንዱን ልወስድ ስል ሌላ ይወጣል። ዋጋ ይቀንሳል ብዬም እጠብቃለሁ። ጓደኞቼ «ግዛና ገላግለን» ብለው ሰለቹኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍለጋው ራሱ ደስታ አለው። ማንበቡ፣ ሱቅ ለሱቅ መዞሩ፣ ማታ ተኝቶ ይሄን ወይስ ያንን ማለቱ ይጣፍጣል። አንተ ግን ከዚያ ያለፍክ ይመስለኛል። ጥያቄህን ሳነብ ከደስታው ይልቅ ድካሙ ነው የተሰማኝ።

ሄርበርት ሳይመን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ስለዚህ ነገር አጥብቆ አስቦበታል። ሰው ያሉትን አማራጮች ሁሉ መርምሮ ከሁሉ የሚበልጠውን ማግኘት አይችልም ይላል። ጊዜውም፣ መረጃውም፣ አእምሮውም አይበቃውም። በተግባር የሚያዋጣው መስፈርት አስቀምጦ ያንን የሚያሟላ ሲገኝ መውሰድ ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1956 ጻፈው፤ በ1978 ደግሞ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። ለቴሌቪዥን ገዢ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

እንግዲህ ወረቀት አውጣ። የማታልፈውን ዋጋ ጻፍ። ለክፍልህ የሚሆነውን መጠን ጻፍ። ቀን ነው ማታ የምታየው? እሱንም ጻፍ። በመጨረሻ የማትደራደርበትን አንድ ነገር ጨምር። ለአንዱ ኳስ ነው፣ ለሌላው ጌም፣ ለሌላው ፊልም። ከዚያ ይህን የሚያሟሉ ሦስት ቴሌቪዥኖች አስቀርና ሌላውን ሁሉ ተወው። አዲስ ዕጩ አታስገባ። የመግዣ ቀንህንም ቁረጥ።

ሱቅ ሄደህ ስታወዳድር አንድ ነገር ልብ በል። እዚያ ስክሪኖቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ስለዚህ ትንሿ የቀለም ልዩነት ትልቅ ሆና ትታያለች። ቤትህ ግን አንዱ ብቻውን ነው የሚቆመው። ከሱቅ ወጥተህ ልታስታውሰው የማትችለው ልዩነት ሳሎንህ ውስጥ የለም ማለት ነው። እንዲህ ላለው ልዩነት ብለህ ሌላ ወር አትጠብቅ።

ስለ ዋጋው፣ ትልልቆቹ አምራቾች ብዙውን ጊዜ አዲስ ሞዴላቸውን የሚያሳዩት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ወር በላስ ቬጋስ በሚካሄደው ኤግዚቢሽን ነው። በተከታዮቹ ወራት ገበያ ላይ ይውላል። ያኔ የዓምናው ሞዴል ይረክሳል። ያ ጊዜ ከቀረበ ጠብቅና የዓምናውን ግዛ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመጣው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ሩቅ ከሆነ አትጠብቅ። እየጠበቅክ የምታሳልፈው ጊዜም ኳሱን ሳታይ ያለፈህ ጊዜ ነው። ከገዛህ በኋላ ደግሞ ዋጋ ማየት አቁም።

ጥያቄ፦ ውድ ቴሌቪዥን ገዛሁ። ቤት ስከፍተው ግን ፊልሙ ሁሉ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ድራማ መሰለብኝ። ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አይዝዎት። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በመሃል ራሳቸው የፈጠሩትን ምስል ይጨምራሉ። ለኳስ ሊመች ይችላል። ፊልም ላይ ግን ያንን የሲኒማ ለዛ ያጠፋዋል። ተዋናዩ ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ ጋር ቆሞ «እባካችሁ አጥፉት» ብሎ ተመልካቹን የለመነው ስለዚህ ነው። እኔም እለምናለሁ።

የምስል ማስተካከያ ውስጥ ገብተው እንቅስቃሴ ማለስለሻውን ይዝጉ። ስሙ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። ቀለሙ ሰማያዊ የሆነው ደግሞ በሱቅ ብርሃን ዓይን እንዲስብ የተዘጋጀው ደማቅ ሞድ ላይ ስላለ ይሆናል። ሲኒማ ወይም ፊልምሜከር የሚለውን ይምረጡ። መጀመሪያ የደበዘዘና ቢጫ የሆነ ይመስልዎታል። ጥቂት ቀን ይታገሡት፤ ዓይንዎ ከለመደ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ ልጄ ለጌም የሚሆን ካልሆነ ይላል። ምን ልይለት?

መልስ፦ 120 ሄርዝ ስክሪን፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ፣ እና የጌም መጫወቻው ገመድ የሚገባበት ኤችዲኤምአይ 2.1 መሰኪያ። ሄርዙን ሲጠይቁ የስክሪኑን ትክክለኛ ቁጥር ይጠይቁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ የማስታወቂያ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሿ ልጄ ስክሪኑ ሥር ካልተቀመጠች አታይም። ዓይኗን ያጠፋዋል?

መልስ፦ አያጠፋውም። ዓይን ሊደክም ይችላል እንጂ ተጠግቶ በማየት ዘላቂ ጉዳት አይደርስም። ስጋቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ የተገኙት ከመጠን ያለፈ ኤክስሬይ የሚለቁ የቀለም ቴሌቪዥኖች ናቸው። የዛሬዎቹ ስክሪኖች ኤክስሬይ አይለቁም። ሁልጊዜ የምትጠጋ ከሆነ ግን የሩቁ አልታይ ብሏት ይሆናልና ዓይኗን አስመርምሪያት።

ጥያቄ፦ ያለን ቴሌቪዥን ያረጀና ትንሽ ቢሆንም ይሠራል። አዲስ መግዛት ብክነት መስሎ ይከብደኛል፤ ግን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ይለዩ። የቸገርዎት ዩቲዩብና ፊልም የሚያሳዩ አፖች አለመኖራቸው ከሆነ፣ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ይበቃዎታል። አሮጌው እንደ አዲስ ያገለግላል። ስክሪኑ አንሶ፣ ንዑስ ጽሑፉን ለማንበብ ከሶፋ መነሣት ከጀመሩ ግን ይግዙ። ከልጆችዎ ጋር ተቀምጠው በምቾት ፊልም ማየት መፈለግ ብክነት አይባልም። አሮጌውን ለሚፈልግ ሰው ይስጡት። ስማርት ከሆነ ከመስጠትዎ በፊት አካውንትዎን አጥፍተው ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ስማርት ቴሌቪዥን ምን እንደምናይ ይከታተላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ ይችላሉ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እየለዩ መረጃውን ወደ ኩባንያው ይልካሉ። ቪዚዮ የተባለው አምራች ይህን ያለ ተመልካች ፈቃድ አድርጓል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። መጀመሪያ ስትከፍቱት የሚመጡትን ስምምነቶች ሁሉ «እሺ» እያላችሁ አትለፉ። የዕይታ መረጃና ማስታወቂያ የሚሉትን ብትከለክሉም ቴሌቪዥኑ ይሠራል። ካለፋችሁትም ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ መዝጋት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ገዛሁ! ነገ ይመጣል። ምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! የሚያግዝሽ ሰው ጥሪ፤ ለብቻ አይነሣም። ካርቶኑ ቆሞ ይጓጓዝ፣ ተኝቶ አይሁን። ስታወጡት ከጠርዙ ያዙት፤ ስክሪኑን በጣት አትጫኑት። እግሩን የምትገጥሙት ስክሪኑን አስተኝታችሁ ከሆነ መመሪያውን እዩ፣ ከሥሩም ለስላሳ ነገር አንጥፉ። እንደተከፈተ ሶፍትዌሩን አድሺ። ከዚያ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ የሚያሳይ ቪዲዮ ክፈቺና የሞተ ነጥብ ወይም ጭረት ካለ ፈልጊ። መሰኪያዎቹን ሁሉ ሞክሪ። ደረሰኙን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ካርቶኑንና ስፖንጁን ደግሞ የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ አትጣዪ።